ለኦቦ ዲንቃ ያላነበብኩት ገጽ

ጡረታ የወጣሁ ሳምንት ሦስት ካርቶን ሙሉ ደብተር አስረከብኩ። ርክክቡ ሰበታ ባለው ቢሯችን ነበር። ተረካቢዋ ሰብለ ትባላለች፤ ጨዋና ፈጣን ልጅ ናት፣ እኔ ግማሽ ቀን በብዕር የምሞላውን እሷ በኮምፒውተር ሻይዋ ሳይበርድ ትጨርሰዋለች። እሷ ትጠራለች፣ እኔ እፈርማለሁ። የባለታሪኩ ስም፣ ቃሉን የተቀበልኩበት ቦታ፣ የገጹ ብዛት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ለባለቤቱ ተነቧል» የሚል ቦታ አለ። እንደ ጉድ ስፈርም ቆየሁና ኦቦ ዲንቃ የሚለው ስም ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

«ምነው እትዬ ጥሩነሽ፣ ስሙ ተሳስቷል እንዴ?» አለችኝ።

«ስሙስ ልክ ነው። ይሄን ተይውና ወደሚቀጥለው እንሂድ» አልኳት።

እሷ እሺ ብላ አለፈችው። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አላለፍኩትም። ስለዚህ ሰው ይወቅልኝ ብዬ ልጻፈው። ደግሞ ለሰው ሁሉ ስጽፍ ኖሬ ለራሴ መጻፍ እንዲህ ከባድ መሆኑን ማን ያውቃል።

ከዚህ ሥራ በፊት አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ከተቀነሱት አንዷ ሆንኩ። ያኔ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሽማግሌዎችና መምህራን ተሰባስበው አንድ የቅርስ ማኅበር አቋቁመው ነበር። የጥንት ዕቃና የጥንት ወሬ እንዳይጠፋ መሰብሰብ፣ አቅም የሌላቸውን ተማሪዎች በደብተርና በዩኒፎርም መርዳት፣ በየመንደሩ የተረሱ የቀድሞ ወታደሮችን መጦር ነው ሥራው። ጸሐፊ ይፈልጋሉ ሲባል ሄድኩ። ደሞዙ ከፋብሪካው ያንሳል፤ ለጊዜው ብዬ ገባሁ። ለጊዜው ያልኩት ጸጉሬ እስኪሸብት ቆየ።

የተቀጠርኩት ለታይፕ ነበር፤ በዓመቱ ግን ቃል ተቀባይ አደረጉኝ። አንድ የቀድሞ ወታደር ማኅበሩ እንዲረዳው መጀመሪያ የት እንደዘመተ፣ ከማን ጋር እንደነበረ፣ ምን እንዳየ ቃሉን ይሰጣል። ቃሉ በደብተር ተጽፎ በቅርስነት ይቀመጣል። ከመካከሉ የተመረጠው ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ለምንረዳቸው ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፤ በቅርስ ቀን ተማሪዎቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል፣ ባለታሪኮቹም ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሰማሉ። ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል።

ያስተማሩኝ ኦቦ ወርዶፋ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። የፉሪ ሰው ናቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ገበሬም ጭምር። ክረምት ከበጋ ከካኪ ኮታቸው አይለዩም ነበር። መጀመሪያ ቀን አብሬያቸው ስወጣ እኔ ሆዬ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ታቅፌ ነበር። እሳቸው አዩኝና «ይሄን ለምን ያዝሽው?» አሉኝ። ልጽፍበት ነዋ ብላቸው «ዛሬ አይጻፍም፤ ዛሬ ላም ነው የምናየው» አሉ። እውነትም ያን ቀን የሰውየውን ላሞች አየን፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ተመለስን። እኔ በልቤ ይሄ ሽማግሌ ሊያስረጀኝ ነው አልኩ።

ሕጋቸው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ቀን ሰላምታ፣ ሁለተኛ ቀን መስማት፣ ሦስተኛ ቀን መጻፍ። ቃል የሚሰጠው ሰው መደብ ላይ ከተቀመጠ እሳቸው በርጩማ ፈልገው ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። በአማርኛ የጀመረ ሰው መካከል ላይ ወደ ኦሮምኛ ከገባ በኦሮምኛው ነው የሚጽፉት፤ «ለምን እንደገባበት እሱ ያውቃል» ይላሉ። ምን ጀብዱ ሠሩ ብለው ጠይቀው አያውቁም። ምን ዓይነት ጫማ አድርገው ነበር፣ ማታ ከጎንዎ የሚተኛው ማን ነበር፣ ጠዋት ምን በሉ፣ እያሉ ነው የሚጠይቁት። ጦርነቱንማ ሬዲዮ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጫማውን የሚያውቀው እዚያ የነበረ ነው።

ተፍኪ አንድ ሰውዬ ነበር፣ ምላሱ ለጉድ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ምሽግ ሲሰብር፣ ታንክ ሲያቃጥል፣ እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። ኦቦ ወርዶፋ ሰምተው ሲጨርሱ «ከጎንህ የሚተኛው ማን ነበር?» አሉት። ሰውየው መሬት መሬት እያየ «እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ግንባር ሄጄ አላውቅም» አለ። እኔ ተነሥተን እንሂድ ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ። እሳቸው ግን «እና ምን ምን ታበስል ነበር?» አሉት። እርጥብ እንጨት እንዴት እንደሚነድ፣ ምስር በጎደለ ጊዜ በምን እንደሚሞላ፣ ከግንባር የቁስለኛ መኪና ሲመጣ የዕለቱን ወጥ ማን እንደማይበላው እንዴት እንደሚቆጥር ነገረን። የእሱ ስድስት ገጽ ካርቶኖቹ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚበልጥብኝ ነው።

ከሕጋቸው ሁሉ ግን አንዱን ፈጽሞ አያፈርሱም ነበር፤ መልሶ ማንበብን። የተጻፈው ቃል ለባለቤቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበባል። አውጪው ያለው ይወጣል፣ ጨምሪ ያለው ይጨመራል። «ይኸው ነው» ብሎ ከአፉ ሳይወጣ ወረቀቱ ከዚያ ቤት አይወጣም። ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው አጭሩ ጽሑፍም እንደዚያው። አንድ ጊዜ ሱሉልታ ለአንዲት ቃል ብለው በዝናብ ተመልሰው ሄደዋል። እኔ ለምን ይሄን ያህል ብያቸው፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የተሳሳተ ነገር ካስያዝሽው ማን ያስለቅቀዋል?» አሉኝ። የርክክቡ ወረቀት ላይ «ለባለቤቱ ተነቧል» የሚለው ቦታ የኖረው በእሳቸው ነው።

ዓመታት አለፉ። ሊቀመንበር ተፈራረቀብኝ። አንዱ ስብሰባ ሲወድ ለጉድ ነበር፣ አንዱ እስክሪብቶ ቆልፎ ያስቀምጥ ነበር፣ አንዱ ጥሩ ሰው ሆኖ ሳይቆይ ሞተ። ከሰበታ ሱሉልታ ለመድረስ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው፤ በታክሲ ስጋፋ እግሬ አለቀ። ኦቦ ወርዶፋ ጉልበታቸው ሲደክም ፉሪ ቤታቸው ቀሩ፣ ሥራውን ብቻዬን ያዝኩት። እየቆየ ሰው ሁሉ ቸኮለ። ሦስት ቀን መመላለስ የሚባለው ነገር አስቂኝ ሆነ፤ ፎቶ አንሺና ላኪ፣ ድምፅ ቅጂና ላኪ። የመጨረሻው ሊቀመንበራችን ክፉ ሰው አይደለም፤ «ለተማሪ የሚያነቃቃ ነገር ይሁን፤ ለአንድ ሰው አንድ ገጽ» ይል ነበር። እኔም ራሴን አልሸሽግም፣ ሙያው በእጄ ገብቷል ብዬ ኮርቼ ነበር።

ኦቦ ዲንቃን ያወቅኋቸው በዚህ ጊዜ ነው። የሱሉልታ ሰው ናቸው፤ ሦስት ላምና የሣር ማሳ አላቸው፣ ከበኩር ልጃቸው ቤተሰብ ጋር ይኖራሉ። በምሥራቅ ግንባር የውኃ ቦቴ ሹፌር ነበሩ። መጀመሪያ ቀን በሕጉ መሠረት ላሞቹን አየሁ። ሁለተኛ ቀን ስለ መኪናው አወሩኝ፤ በቆላው ፀሐይ የቦቴው ውኃ ሻይ ቅጠል ቢጨመርበት ሻይ እስኪሆን ይግል እንደነበር፣ የተፈነዳ ጎማ በምን እንደሚጠገን። ሦስተኛ ቀን ገና ሳልቀመጥ «ዛሬ ደብተሩን አውጪው፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ እኔ የስድሳ ዓመት አሮጊት ልሆን ትንሽ ሲቀረኝ።

«ሦስት ቀን ውኃ ያልደረሰው ጦር ፊት ለፊታችን ነበር» አሉ። «መንገዱ በመድፍ ይመታል። ሂዱ ተባልን። መሪውን ያዝኩ፣ ሞተሩ ተነሥቷል፣ እግሬ ግን ፍሪሲዮኑን አልረግጥም አለ። ይንቀጠቀጣል። ረዳቴ ታደሰ ከጎኔ ነው፤ መንዳት ያውቃል። አየኝ። አልተቆጣም። ‹ውረድ ዲንቃ። አንተ ልጆች አሉህ፤ እኔ ማን አለኝ› አለኝ። ወረድኩ። አንድ ጊዜ እንኳ እንቢ አላልኩም። ቶሎ ነው የወረድኩት። እሱን ጻፊ፤ ቶሎ ወረደ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ።

«ውኃው ደረሰ። ጠጡ። ታደሰ ሲመለስ ነው የተመታው። እኔ አንዲት ጥይት ሳትነካኝ አገሬ ገባሁ። ለቅሶ ልደርስ ቡራዩ ሚስቱ ዘንድ ስሄድ ሆዷ ገፍቷል። እርጉዝ ናት። ያን ጊዜ ነው የሞትኩት። እኔ ማን አለኝ ያለኝ እኮ ሳያውቅ ነው። ልጅ እንዳለው ቢያውቅ አይገባልኝም ነበር። ባለማወቁ ነው የኖርኩት። የዚያችን ልጅ አባት ወስጄ ይኸው አርባ ምናምን ዓመት እበላለሁ፣ እጠጣለሁ።»

ወይዘሮ አስካለ የሚባሉት የታደሰ ሚስት ልጃቸውን ወልደው፣ ሌላ ባል ሳያገቡ ቡራዩ ኖረዋል። ኦቦ ዲንቃ በየዓመቱ ለመስቀል ቅቤ በኮባ ጠቅልለው ይሄዱላቸዋል። በየዓመቱ ዛሬ እነግራታለሁ ብለው ይሄዳሉ። «አፌ ላይ ይደርስና ይመለሳል» አሉኝ። ከዚያ የፈለጉትን ነገሩኝ። በአፋቸው አልሆነላቸውም፤ ስለዚህ እኔ ልጻፈው፣ ይታተም፣ በቅርስ ቀን ተማሪዎቹ ያንብቡት፤ ወይዘሮ አስካለ ይጠሩ፣ እሳቸውም አጠገባቸው ይቀመጡ። «እሷ ትስማው። ከዚያ የምትለኝን ትበለኝ። ብትረግመኝም መሬት ሳልገባ ትርገመኝ።»

እሺ አልኳቸው። ሰባት ገጽ ነበር።

አሁን ያደረግሁትን ልናገር። ቢሮ ገብቼ ሰባቱን ገጽ ወደ አንድ ገጽ ማሳጠር ስጀምር ፈራሁ። ለእሳቸው ነው የፈራሁት፤ ቢያንስ ያኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ይሄ ሽማግሌ በስተርጅና በተማሪ ፊት ፈሪ ተብሎ ይነበብበት? ባሏ በማን ፈንታ እንደሞተ አንዲት ሴት በድምፅ ማጉያ ትስማ? እኛ እኮ የሰው ገመና ሸፍኑ እየተባልን ያደግን ነን። እናቴ የጎረቤት ጠብ በግድግዳ ስትሰማ ጆሮዬን በእጇ ትደፍንልኝ ነበር። እናም ሸፈንኩ። የእግሩን መንቀጥቀጥ አወጣሁ። ውረድ ያለውን አወጣሁ። ታደሰን «ጓዶቻቸው» አልኩት። ኦቦ ዲንቃ በመድፍ ውርጅብኝ መካከል መሪያቸውን ጨብጠው ለተጠማው ጦር ውኃ አደረሱ ብዬ ጻፍኩ። አነበብኩትና ወደድኩት። ሊቀመንበሩም ወደደው።

መልሼ አላነበብኩላቸውም። ሰው ሲጠይቀኝ የሱሉልታ መንገድ እየተሠራ ነበር፣ ማተሚያ ቤቱ አቻኮለን እያልኩ ኖሬአለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ያልሄድኩት ባነብላቸው «ይኸው ነው» እንደማይሉ ስለማውቅ ነው።

የቅርስ ቀኑ ቡራዩ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። ኦቦ ዲንቃ ተላጭተው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ የድሮ ቆባቸውን አድርገው መጡ። ወይዘሮ አስካለ አጠገባቸው ተቀመጡ። ኦቦ ዲንቃ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ነበር የሚያዩት። ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ነበሩ፤ ያን ጊዜ እንኳ ተነሥቼ ማስቆም እችል ነበር። ማኅበሩ የሚረዳት አንዲት ተማሪ ወጥታ በጠራ ድምፅ አነበበች። መሪያቸውን ጨብጠው የሚለው ላይ ስትደርስ ኦቦ ዲንቃ ቀና አሉ። ልጅቷን አዩ፣ ከዚያ ዞረው እኔን ፈለጉ።

ጭብጨባው ቀለጠ። ወይዘሮ አስካለ ዞረው የኦቦ ዲንቃን ትከሻ ሳሙ። «ይሄን ሁሉ ሠርተው ለኔ አንድ ቀን ሳይነግሩኝ» አሏቸው። እንባ ነበረባቸው፣ ደስ ብሏቸው ነው።

ኦቦ ዲንቃ ተነሡ። ሊቀመንበሩ ሊያመሰግኑ መስሎት ድምፅ ማጉያውን አቀበላቸው። «እኔ አይደለሁም» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። «እኔ አይደለሁም፣ ሌላ ሰው ነው» አሉ። ይባስ አጨበጨበ። ሊቀመንበሩ ድምፅ ማጉያውን ተቀብሎ «ተማሪዎች፣ የአባቶቻችንን ትሕትና አያችሁ?» አለ። ኦቦ ዲንቃ ትንሽ ቆሙ፣ ከዚያ ተቀመጡ። እኔ እያየሁ ነው ይሄ ሁሉ የሆነው።

በሩ ላይ ጠበቁኝ። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ኢንተላ ኮ፣ ደብተሩ ላይ ያለው ሌላ ነበር» አሉኝ።

«ገመናዎን ብዬ ነው፣ ኦቦ ዲንቃ። በልጆች ፊት ብዬ» አልኩ።

«ገመናው የኔ ነው። መሸፈኑንማ እኔም አርባ ዓመት ችዬበታለሁ። አንቺ ዘንድ የመጣሁት ልገልጠው ነበር።»

ለከርሞ መጽሐፍ እናስተካክለዋለን፣ እርማት ይወጣል፣ አልኳቸው። «ለከርሞ» ብለው ደገሙት። ደኅና ዋይ እንኳ ሳይሉ ወደ ታክሲው ሄዱ።

በማግስቱ ፉሪ ኦቦ ወርዶፋ ዘንድ ሄድኩ። አልጋ ላይ ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «አንብበሽለታል?»

«መንገዱ እየተሠራ ነበር» አልኩ።

ዝም ብለው ጠበቁኝ፤ ባለታሪኮቹን ይጠብቁ እንደነበረው። መጨረሻ ላይ እውነቱን ተናገርኩ። አልተቆጡም። «ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ቡራዩ ሂጂ፣ ደብተሩን ይዘሽ። ሴትዮዋን ቁጭ አድርገሽ አንብቢላት። ከርሞ የሚባል ነገር ለሽማግሌ አይነገርም» አሉኝ። እሺ ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

ሐሙስ ስብሰባ ነበረ። በሚቀጥለው ሳምንት የደብተር እደላ መጣ። ከዚያ ጉንፋን። ሳይቃጠል በቅጠል ማለትን ለሰው ስመክር ኖሬ ለራሴ ዛሬ ነገ ስል ክረምቱ ገባ። የፈራሁት ወይዘሮ አስካለ «ታዲያ ማን ቀየረው?» እንዳይሉኝ ነው። ሥራዋን የምታውቅ ተብዬ የተከበርኩ ነኝ፤ ያን ክብር ነበር የምጠብቀው።

በዚያው ዓመት የሱሉልታ ሣር ሳይታጨድ ኦቦ ዲንቃ አረፉ። ጠዋት ቢሮ ስልክ ተደወለ።

ቀብሩ ላይ ወይዘሮ አስካለ መጥተው ነበር። ከሴቶቹ መካከል ወጥተው አለቀሱላቸው። የተጠማ ጦር ያጠጣህ፣ እሳት መካከል የነዳህ፣ እያሉ ደረታቸውን ይመቱ ነበር። ባላቸውን ነበር የሚያሞግሱት፤ አላወቁም። ለባላቸው ሊያለቅሱት የሚገባውን ለሌላ ሰው ያስለቀስኳቸው እኔ ነኝ። የእኔን ድርሰት ቃል በቃል ይዘውታል። ከሕዝቡ ኋላ ቆሜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ።

ኦቦ ወርዶፋም በዓመቱ ተከተሉ። ሐሙስ ሄድሽ ወይ ብለው አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ካልጠየቁኝ አውቀዋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቃል ስቀበል፣ ሳነብ፣ ሳሳትም ኖርኩ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፊደል ሳላስቀር መልሼ አነብ ነበር። ሰዎቹ ትጉህ ናት ይሉኛል። ዓይኔን በጨው አጥቤ ምስጋናውን እቀበላለሁ።

ርክክቡ ላይ መፈረም ያቃተኝ ይሄ ነው። ሰብለን ያን አንድ ደብተር ለሁለት ቀን አዋሽኝ አልኳት፤ ደግ ልጅ ናት፣ ለምን አላለችኝም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ቡራዩ ሄድኩ።

ወይዘሮ አስካለ ጥጥ እየፈተሉ ነበር። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት፣ ንጹሕ። በር አጠገብ አንድ የእንጨት ወንበር አለ፣ እሱ ላይ አስቀመጡኝ። እንዴት ነሽ፣ ጡረታው እንዴት ነው፣ ካሉኝ በኋላ ሳላቅማማ ልናገር ብዬ «እትዬ አስካለ፣ የዚያን ቀን ትምህርት ቤት የተነበበው ውሸት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ኦቦ ዲንቃ የሰጡኝ ቃል ይሄ ነው» አልኳቸው። መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ።

ውረድ ዲንቃ የሚለው ላይ ስደርስ እንዝርቱ ቆመ። አላቋረጡኝም። ውኃው ደረሰ፣ ጠጡ፣ ሲመለስ ነው የተመታው፣ እያልኩ አነበብኩ። እስከ መጨረሻው ጨረስኩት።

«እስቲ ሳያውቅ ነው ያለበትን ድገሚው» አሉኝ።

ደገምኩት። «ልጅ እንዳለው ቢያውቅ አይገባልኝም ነበር። ባለማወቁ ነው የኖርኩት።»

ተነሡና ከወንበሬ አጠገብ ያለውን የልብስ ሣጥን ከፈቱ። ከታች፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ አወጡ። ወረቀቱ በእጥፋቱ ላይ ሊቆረጥ ደርሷል። «ያውቅ ነበር እኮ» አሉኝ። «ከመሞቱ ከአንድ ወር በፊት የጻፈልኝ ነው።» እኔ እንዳነበው ሰጡኝ። የጥድፊያ ጽሕፈት ነው፣ ግን ይነበባል። ማርገዝሽን ሰምቼ በደስታ የምይዘው የምጨብጠው አጣሁ ይላል። ዓይን እንዳይገባብሽ እስክትወልጂ ለሰው አታውሪ፣ እኔም እዚህ ለማንም አላወራሁም ይላል። ወንድም ሴትም ይሁን ስም ሳታወጪለት ጠብቂኝ ይላል።

«ጠበቅሁት» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ሰማንያ ቀን ሲሆናት ቄሱ አወጡላት።»

ደብዳቤውን ይዤ ቁጭ አልኩ።

«እያወቀ ነው የገባው» አሉ። «ማን አለኝ ማለቱ እንዲወርዱለት ብሎ ነው። ታደሰ እንዲህ ነው፤ ለራሱ ሲሆን አይዋሽም፣ ለሰው ሲሆን ግን ይዋሻል።» ከዚያ «ኦቦ ዲንቃ ግን ምስኪን፣ ይሄን ይዘው ነው የሞቱት?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ። ያን ቀን ሰባቱ ገጽ ተነቦ ቢሆን ኖሮ ወይዘሮ አስካለ እዚያው ትምህርት ቤቱ ግቢ እንዲህ ይሏቸው ነበር። «ያውቅ ነበር እኮ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሸከሙትን እሷ ታወርድላቸው ነበር፣ እኔ ነኝ በመካከል የቆምኩት። ለቅሶዬን መያዝ አቃተኝ። «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«እኔን ምን አደረግሽኝ?» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «ይሄ ለሳቸው ነበር።»

ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው በድሮ እጥፋቱ አጥፈው በላስቲኩ ጠቀለሉት። ሣጥኑ ውስጥ ሲያስገቡ ዞረው ወንበሩን አዩት።

«በየመስቀሉ እዚህ አንቺ ያለሽበት ላይ ነበር የሚቀመጡት» አሉኝ። «እጃቸውን ቢዘረጉ ሣጥኑን ይነኩት ነበር።»

ተነሣሁ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ ወንበሩ ላይ ተመልሼ መቀመጥ አልቻልኩም።